የሐዲድ ስፋትና የኮምፒዩተር መሪ ፕሮግራም

ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ወደ ሚኤሶ የሚወርድ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በሚኤሶ በኩል ሁለት የምድር ባቡር መሥመሮች ያልፋሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬ ዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው መሥመር ሲሆን፥ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ሲሆን፥ ስፋቱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ ለዓይን ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚህ ጥቂት ልዩነት ምክንያት የአሮጌው መሥመር ፉርጎ፥ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አንዲት ክንድ እንኳ ሊሄድ አይችልም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ይህን ያስቀደምንበት ምክንያት ዛሬ ለምንተርከው ታሪክ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ በምዕራብ ሐረርጌ ምድር ስላላገኘን ነው። ከ60 ዓመታት በፊት አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ ደንበኞቹ አዲስ መኪና በገዙ ቁጥር አሮጌው ፉርጎአቸው በአዲሱም ሐዲድ ላይ እንዲሄድላቸው ለማድረግ ወሰነ። ውሳኔው ኩባንያውን ከታላቅ አደጋ ላይ ከጣለው በኋላ፥ በመጨረሻ በዓለም የኮምፒዩተር ንግድ የነበረውን ፊተኝነት አጸናለት። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሐዲዱን ቦታ የያዘው፥ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒዩተር መሪ ፕሮግራም ነው። ዛሬ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ሱቁን በሽያጭ መመዝገቢያ መኪናና በእጅ ስልክ የሚያካሂድ ነጋዴ፥ ዐውቆም ሆነ ሳያውቅ የዚህ ታሪክ ወራሽ ነውና ነገሩን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ከመሪ ፕሮግራም በፊት

በዚያ ዘመን የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ይባል የነበረው የአሮጌው መሥመር ባለቤት፥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የሂሳብ መኪና ወደ አገራችን ካስገቡት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለው መኪና በወፍራም ወረቀት ካርድ ላይ የተበሱትን ቀዳዳዎች እያነበበ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ውጤቱንም ያትማል። አንዱ ካርድ 80 ዓምዶች አሉት፤ በእያንዳንዱም ዓምድ አንድ አኃዝ ወይም አንድ ፊደል ይበሳል። ሥራው ከደመወዝ ወደ ጭነት ሂሳብ በተለወጠ ጊዜ ግን ሠራተኛው በሽቦ የተያያዘውን የመኪናውን ሰሌዳ አውጥቶ ሌላ ሰሌዳ ማግባት ነበረበት። መኪናውን የሚመራው ሰው ራሱ ነበር፤ ሰውየው ሰሌዳ እስኪለውጥ ድረስ መኪናው ሥራ ፈትቶ ይቆያል።

ከዚህ በኋላ የመጡት ኮምፒዩተሮች ትእዛዛቸውን በሽቦ ሰሌዳ ሳይሆን በውስጣቸው ባለው ማኅደር የሚይዙ ሆኑ። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው 1401 የተባለው ኮምፒዩተር በመላው ዓለም ከ10 ሺህ በላይ የተሠራጨ ዕቃ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። ድርጅቱ አድጎ ከ1401 የሚበልጥ መኪና ሲያስፈልገው፥ ትልቁ መኪና የትንሹን ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ ባለቤቱ ለዓመታት ያጻፈውን ፕሮግራም ሁሉ ጥሎ እንደገና ማስጻፍ ነበረበት። ነገሩ አንድ የጭሮ ነጋዴ ከትንሽ ሱቅ ወደ ሰፊ መጋዘን በተዛወረ ጊዜ የሂሳብ መዝገቡን ሁሉ በማያውቀው ቋንቋ እንዲገለብጥ እንደ ማስገደድ ነበር። ማደግ በራሱ ቅጣት ሆነ ማለት ነው።

ይህን ችግር እንዲመረምር በኩባንያው ውስጥ የተቋቋመው ኮሚቴ፥ እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ባቀረበው መግለጫ አይ ቢ ኤም ልዩ ልዩ መኪናዎቹን ሁሉ ትቶ በአንድ ቋንቋ የሚሠሩ የአንድ ቤተሰብ መኪናዎች እንዲሠራ መከረ። የኩባንያው መሪ ቶማስ ዋትሰን (ልጅየው) ምክሩን ተቀበሉ። መጋቢት 29 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1964) ሲስተም 360 የተባለው የመኪናዎች ቤተሰብ ለዓለም ተገለጸ። ስሙ የተወሰደው ከክብ ሙሉ መለኪያ፥ ከ360 ዲግሪ ነው፤ ይኸውም የንግዱንም የሳይንሱንም ሥራ ዙሪያውን የሚያዳርስ ማለት ነው። ለጠቅላላው ሥራ የወጣው ገንዘብ 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደ ነበረ በዘመኑ የነበሩ የንግድ መጽሔቶች ዘግበዋል።

የዚህ ሥራ ባለሙያዎች የመኪናውን የአሠራር ንድፍ በእንግሊዝኛ ቤት አሠራርን በሚያመለክተው ቃል «አርኪቴክቸር» ብለው ጠሩት። ለጭሮ ሰው ይህ ቃል እንግዳ አይሆንበትም። ፊታውራሪ፣ በኋላም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ አሰበ ተፈሪን በንድፍ አስቆርቁረዋልና። በንድፍ በተሠራ ከተማ ባለሀብቱ ፎቅ፣ ድኻው ጎጆ ሊሠራ ይችላል፤ የመንገዱ መሥመር ግን ለሁሉም አንድ ነው። ሲስተም 360ም እንደዚሁ ነበር፤ ትንሹና ትልቁ መኪና በፍጥነትና በዋጋ ቢለያዩም አንዱን ትእዛዝ በአንድ ዓይነት ይፈጽሙ ነበር።

የጣቢያው ሹም

መኪናዎቹ አንድ ቋንቋ መናገራቸው ብቻውን በቂ አልነበረም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ካርድ ማንበቢያውን፣ ማተሚያውንና የመረጃ ማስቀመጫውን ራሱ የሚያዝ ከሆነ፥ ማተሚያው በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙ መለወጡ አይቀርም። ስለዚህ በመኪናውና በሥራው ፕሮግራም መካከል ቆሞ የሚያስተናብር ሌላ ፕሮግራም አስፈለገ። ለዚህም ሥራ የተዘጋጀው መሪ ፕሮግራም ኦ ኤስ 360 ተባለ።

የመሪ ፕሮግራሙን ሥራ ለመረዳት የባቡር ጣቢያ ሹምን ማሰብ ይበቃል። በአንድ ሐዲድ በሚሄድ መሥመር ላይ ከወዲህና ከወዲያ የሚመጡ ባቡሮች እንዳይጋጩ፥ የጣቢያው ሹም አንዱን ወደ ጎን አስገብቶ ሌላውን ያሳልፋል። ነጂው የቀሩት ባቡሮች የት እንዳሉ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ምልክቱን ማክበር ይበቃዋል። መሪ ፕሮግራሙም እንዲሁ ለእያንዳንዱ ሥራ በማኅደሩ ውስጥ ቦታ ይመድባል፤ ተራውን ይጠብቃል፤ የአንዱ ሂሳብ ከሌላው እንዳይደባለቅ ይከላከላል። ማተሚያ ከኮምፒዩተሩ አንጎል ይልቅ እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ፥ አንዱ ሥራ ማተሚያ ሲጠብቅ መሪ ፕሮግራሙ አንጎሉን ለሌላ ሥራ ያውላል። በዚህ አኳኋን ብዙ ሺህ ዶላር የሚከራየው መኪና ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ዳነ።

ሰው በማብዛት ያልተፋጠነ ሥራ

ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ፍጻሜው አስቸጋሪ ሆነ። ከፍ ባለው ጊዜ በኦ ኤስ 360ና በተጓዳኝ ሥራዎቹ ላይ ከ1 ሺህ የማያንሱ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ድረስ የፈሰሰው ድካም፥ አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው 5 ሺህ ዓመት ይፈጅበት ነበር። ለፕሮግራሙ የወጣውም ገንዘብ አስቀድሞ ከታሰበው እጅግ በልጦ ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ከዚህም ሁሉ ጋር ሥራው ከቀጠሮው ዘገየ። መኪናዎቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ለደንበኞች መላክ ሲጀምሩ ኦ ኤስ 360 ገና አልተጠናቀቀም ነበር፤ የመጀመሪያው ዕትም የወጣው በ1966 ነው።

ሥራውን ይመሩ የነበሩት ፍሬድሪክ ብሩክስ ከዚህ ፈተና ያገኙትን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1975 በመጽሐፍ አሳተሙ። ዋናው ሐሳባቸው፥ በዘገየ የፕሮግራም ሥራ ላይ ተጨማሪ ሰው መመደብ ሥራውን ይበልጥ ያዘገየዋል የሚል ነው። ለብዙ አሠሪ ይህ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ነገር ግን የሐረር ቡና የሚያደርቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ለቀማውን በ10 ሰው ፈንታ በ20 ሰው ማፋጠን ይቻላል፤ ቡናው በፀሐይ የሚደርቅበትን ቀን ግን 100 ሰው ቢቀጠር አያሳጥረውም። በፕሮግራም ሥራም ላይ አዲስ የመጣው ሰው አስቀድሞ መማር አለበት፤ የሚያስተምረውም ያው ሥራው የበዛበት ነባር ሠራተኛ ነው። ከዚህም በላይ እርስ በርስ መነጋገር ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ሲጨምር ንግግሩ ከሰዎቹ በላይ ይበዛል። 5 ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ቢነጋገሩ 10 ጥንዶች ይሆናሉ፤ 50 ሰዎች ግን 1,225 ጥንዶች ይሆናሉ።

ሌላው ችግር የልክ ነገር ነበር። አንድ መሪ ፕሮግራም ለትንሹም ለትልቁም መኪና እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ሆኖም ከቤተሰቡ ታናሽ የሆነው መኪና በዝቅተኛ ዋጋ ሲገዛ ማኅደሩ 8 ሺህ ያህል ፊደል ብቻ ይይዝ ነበር። ኦ ኤስ 360 በዚህ ጠባብ ስፍራ አልገባም። ስለሆነም ለትናንሾቹ መኪናዎች ዶስ 360 የተባለ ቀለል ያለ መሪ ፕሮግራም በችኮላ ተሠራ። ኦ ኤስ 360 ራሱም በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚያካሂድ፣ ቁጥራቸው አስቀድሞ የተወሰነ ሥራዎችን የሚያካሂድ፣ እንዲሁም ቁጥራቸው የሚለዋወጥ ሥራዎችን የሚያካሂድ ተብሎ በሦስት ዓይነት ተከፈለ። የአንድ ቤተሰብ ሐሳብ ተሸራረፈ፤ ነገር ግን ከሥሩ አልተነቀለም። ደንበኛው መኪናውን በሚበልጥ መኪና ሲለውጥ ፕሮግራሙን ይዞ መሄድ የሚችል ሆነ።

ለፕሮግራም ዋጋ ሲወጣ

እስከዚያ ዘመን ድረስ አይ ቢ ኤም ፕሮግራሙንና የባለሙያውን ምክር በመኪናው ኪራይ ውስጥ አጠቃልሎ ይሰጥ ስለ ነበር፥ ደንበኛው ለፕሮግራም የሚከፍለው ዋጋ ተለይቶ አይታወቅም ነበር። ሰኔ 16 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1969) ግን ኩባንያው አብዛኞቹን የሥራ ፕሮግራሞችና አገልግሎቶች ለብቻ አስከፍሎ እንደሚሸጥ አስታወቀ። መሪ ፕሮግራሙ ለጊዜው ከመኪናው ጋር እንደ ቀረ ነው። ይህ ማስታወቂያ ለንግድ ዓለም ታላቅ በር ከፈተ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሆኖ በመታወቁ፥ አይ ቢ ኤም ያልሠራውን ፉርጎ ሌሎች ነጋዴዎች ሠርተው መሸጥ ቻሉ። መኪና የማይሠሩ፣ ፕሮግራም ብቻ የሚሸጡ ድርጅቶች ከዚህ በኋላ በዙ። ዛሬ አንድ ወጣት በጭሮ ተቀምጦ ለሱቆች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጽፎ ቢሸጥ፥ ንግዱ የዚያ በር ፍሬ ነው።

የጸናው ቃል

ኦ ኤስ 360 ስሙን እየለወጠ እስከ ዛሬ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤም ቪ ኤስ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ኦ ኤስ 390፣ ከ2001 ጀምሮም ዜድ ኦ ኤስ ተባለ። ቀድሞ 16 ሚሊዮን ያህል ፊደል ብቻ ለመቁጠር ይችል የነበረው የማኅደር አድራሻ በ1980ዎቹ ወደ 2 ቢሊዮን፣ ከ2000 በኋላም ለአእምሮ ወደሚያዳግት ቁጥር ከፍ አለ። በእያንዳንዱ ማስፋፋት ጊዜ ግን ለአሮጌው ፕሮግራም የሚሆን መተላለፊያ ተጠብቆለታል። በዚህም ምክንያት በ1960ዎቹ የተጻፉ ብዙ የሥራ ፕሮግራሞች ዛሬም ሳይለወጡ ወይም በጥቂት እርማት ይሠራሉ። በዓለም ያሉ ብዙ ታላላቅ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች እስከ አሁን የሚገለገሉት በዚህ መሪ ፕሮግራም ነው።

ይሁን እንጂ የቆየ ነገርን ይዞ መሄድ የቆየውን ስሕተት ጭምር መሸከምን ያስከትላል። ማኅደር ውድ በነበረበት ዘመን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቦታ ለመቆጠብ ዓመተ ምሕረትን በሁለት አኃዝ ብቻ ይጽፉ ነበር፤ 1965ን 65 ብለው ማለት ነው። ፕሮግራሞቹ ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ በመቆየታቸው የፈረንጆች 2000 ዓመት ሲቃረብ 00 የሚለው አኃዝ 1900 ይሁን 2000 የማይለይ ሆነ። በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ፕሮግራሞቹ ታረሙ። በእኛ አቆጣጠር ያ ቀን ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። የእኛ 2000 ዓመት መስከረም 1 ቀን የገባው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። አስመጪና ላኪ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በሁለት ዘመን አቆጣጠር የሚነግድ ሰው በደረሰኙ ላይ ዓመቱን አሳጥሮ ሲጽፍ ከሌላው አገር ነጋዴ ይልቅ ይበልጥ ለስሕተት የተጋለጠ ነው።

ለእኛ ነጋዴዎች

በአገራችን የንግድ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር መግባቱ ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኗል። የአስመጪና የላኪ ፈቃድ የሚሰጥበት የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት በ2012 ዓ.ም. ተጀመረ። ቴሌብር የተባለው በስልክ ገንዘብ የማስተላለፊያ አገልግሎት በ2013 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ከመቻራ የጫት ወይም የቡና ዋጋ በስልክ የሚልክ ሰው ከኋላው ስንት መኪናና ስንት ፕሮግራም እንደሚሠራ አያይም፤ የሚያየው ገንዘቡ መድረሱን ነው።

የእነዚህ የማይታዩ ፕሮግራሞች ለውጥ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በዚያ ወር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ እክል ለጥቂት ሰዓታት አንዳንድ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን፣ እክሉም የውጭ ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ ከተደረገ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቆ፥ አብዛኛውን ገንዘብ ማስመለሱን ገልጿል። ታላቅ ባንክ ባለሙያ አለው፤ ጠበቃም አለው፤ የተሳሳተውን ይመረምራል፣ ያስመልሳል። የዱቤ መዝገቡ የጠፋበት ባለሱቅ ግን የቀረበት ዕዳ በሰው ሕሊና ላይ ብቻ የተመሠረተ ይሆናል።

ስለዚህ ለሱቁ ወይም ለመጋዘኑ ኮምፒዩተርና የሂሳብ ፕሮግራም ሊገዛ ያሰበ ነጋዴ፥ ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት ስለ ሐዲዱ ስፋት ቢጠይቅ መልካም ነው። አንደኛ፥ ሻጩ ቢጠፋ ወይም ፕሮግራሙ ቢለወጥ መዝገቤን በሙሉ አውጥቼ በሌላ ፕሮግራም ላነበው እችላለሁ ወይ? ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ እችላለሁ ካለ፥ ገንዘቡ ሳይከፈል በፊቱ አውጥቶ ያሳየው። ሁለተኛ፥ ፕሮግራሙ የኢትዮጵያንና የፈረንጆችን አቆጣጠር ሳያደባልቅ፣ ዓመተ ምሕረቱንም በአራት አኃዝ የሚመዘግብ መሆኑን ይመርምር። ሦስተኛ፥ ከአሮጌው መዝገብ ወደ አዲሱ ሲዛወር ቢያንስ ለአንድ ወር ሁለቱን ጎን ለጎን ይያዝ፤ በወሩ መጨረሻ የሁለቱ ድምር አንድ ካልሆነ አሮጌውን አይተው። አራተኛ፥ የመዝገቡን ግልባጭ ከሱቁ ውጭ በሌላ ስፍራ ያስቀምጥ፤ አንድ እሳት ወይም አንድ ሌባ ሁለቱን በአንድ ሌሊት ማጥፋት የለበትምና።

አንዳንድ ነጋዴ ይህ ሁሉ ለታላላቅ ድርጅቶች እንጂ ለእኔ አይሆንም ይል ይሆናል። ነገር ግን የ1401 ደንበኞች ብዙዎቹ ታላላቅ ድርጅቶች አልነበሩም፤ ባደጉ ጊዜ ያስቸገራቸውም የመኪናው ዋጋ ሳይሆን የመዝገባቸው እስረኛ መሆን ነበር። መኪና ያረጃል፤ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት ይለወጣል። ማን ምን እንደ ወሰደ፣ ማን ምን ያህል እንደ ከፈለ፣ ለግብር ምን እንደ ተገለጸ የሚናገረው መዝገብ ግን ከመኪናው በላይ መኖር ይገባዋል። አይ ቢ ኤም ግማሽ ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ የተማረውን፥ የምዕራብ ሐረርጌ ነጋዴ ከግዢ በፊት በአንድ ጥያቄ ሊያገኘው ይችላል።